ክርክር፦ የቶክ ሾው አቅራቢ ፕሮዲዩሰርም ይሁን?

ጥያቄው፦ ባሕር ዳር ላይ የአየር ሰዓት ገዝተው ቶክ ሾው የሚሠሩ አቅራቢዎች ስፖንሰር ፍለጋውን፣ የእንግዳ ምርጫውንና ኤዲቲንጉን ጠቅልለው ይዘዋል። ይህ ለተመልካች ይበጃል? (ሽምብጥ፣ ዘጌና አባይ ማዶ የሦስቱ ተከራካሪዎች መጠሪያ ናቸው።)

ሽምብጥ፦ አይበጅም። ትልቁ ችግር የቅድመ ቃለ መጠይቁ ነው። ከቀረጻ በፊት እንግዳውን 20 ወይም 30 ደቂቃ በስልክ ማነጋገር ግድ ነው። አቅራቢው ራሱ ካነጋገረው ግን እንግዳው ካሜራ ፊት «ቅድም እንዳልኩህ» ይላል፤ ታሪኩን አሳጥሮ ይነግረዋል፤ አቅራቢውም መልሱን ስለሚያውቅ ማዳመጡን ይተዋል። ሌላ ሰው አነጋግሮ በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጠው።

ዘጌ፦ ድምጹንም ጨምሩ። ጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሳል። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ በስፖንጅ ብቻ ከተሸፈነ ያጉረመርማል፤ ጸጉራሙ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ጥያቄ እየጠየቀ ያለ ሰው ይህን አይሰማውም። የሚታወቀው ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ እንግዳው ደግሞ ያኔ የለም።

አባይ ማዶ፦ ወንድሞቼ፣ የምትሉት የረዳትና የድምጽ ባለሙያ ሥራ ነው። ፕሮዲዩሰር ማለት ገንዘቡንና የመጨረሻውን ቅጂ (ለአየር የሚበቃውን ኤዲት) የያዘ ሰው ነው። አሜሪካዊቷ የቶክ ሾው አቅራቢ ኦፕራ ዊንፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1986 በመላው አሜሪካ መታየት ጀመረች፤ በ1988 የፕሮግራሙን ባለቤትነት የራሷ ኩባንያ ሃርፖ ያዘው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌሎቹ በጠብና በገመና ተመልካች ሲስቡ እሷ ከዚያ መውጣት የቻለችው ውሳኔው በእጇ ስለነበር ነው። ተቀጣሪ አቅራቢ ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

ሽምብጥ፦ ምሳሌህ እኔንም ይረዳል። ሃርፖ ከያዘው በኋላም እስከ 1994 ዋና ፕሮዲዩሰሯ ደብራ ዲማዮ ነበረች። ባለቤት መሆንና የየዕለቱን ሥራ ለብቻ መሥራት ይለያያሉ።

አባይ ማዶ፦ እሺ፣ የረዳቱ ደመወዝ ከየት ይምጣ? የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ካስወጣ ወዲህ የቢራ ገንዘብ የለም። የአብዛኞቹ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለው ሆቴል ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በዓይነት ነው፦ አዳራሽ፣ መኝታ፣ ምሳ።

ዘጌ፦ አደጋውም እዚያው ላይ ነው! ምሳውን ያበላ ባለሆቴል በሦስተኛው ሳምንት እንግዳ ሆኖ ይመጣል። ሆቴሉ ፍሳሹን የት እንደሚለቅ ማን ይጠይቀው? ስፖንሰሩን የለመነው ያው ጠያቂው ነው። ስለ እምቦጭ ወይም ስለ ሐይቁ ዳርቻ ግንባታ የሚሠራ ፕሮግራም እዚህ ላይ ካፈረ ባይሠራ ይሻላል።

አባይ ማዶ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ መፍትሔው ግን ውሉ ውስጥ ነው። ስሙ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ፣ አርማው የት እንደሚታይ በቁጥር ይጻፍ። እንግዳ መምረጥም ሆነ ቅጂውን ቀድሞ ማየት እንደማይችል ይጻፍ። ስፖንሰሩ እንግዳ ከሆነም መጀመሪያው ላይ በጽሑፍ ይገለጽ።

ሽምብጥ፦ ውሉን የሚፈርመው አቅራቢው ከሆነ ባለሆቴሉ የሚደውለው ለእሱ ነው። ደመወዙን ከቀረጻው አውጡት፦ በአንድ ጠዋት ሁለት ክፍል ቅረጹ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። የካሜራና የመብራት ኪራይ የአንድ ቀን ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ ግን አትጨምሩ፤ አቅራቢው ይደክምና ጥያቄው ይሰንፋል።

አባይ ማዶ፦ ስፖንሰር የሚፈልገው ሌላ ሰው ይሁን፤ ተስማማሁ። የመጨረሻውን ቅጂ ግን ከአቅራቢው እጅ አላወጣም።