የአባይ በረሃ መንገድ፤ እዚያው ይጠገን ወይስ መስመሩ ይቀየር?

አወያይ፦ ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በየክረምቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። በጃፓን እርዳታ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ አዲሱ ድልድይም ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ጥገናው ግን አላቆመም። ገንዘቡ እዚያው ላይ መፍሰሱ ይቀጥል ወይስ ሌላ መስመር ይፈለግ? ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ደጀን በር፦ ምን ያከራክራል? ሌላው ዓለም ተራራ እየበሳ ያልፋል። ወይ ዋሻ ይቆፈር፣ ወይ ከአፋፍ አፋፍ ድልድይ ይዘርጋ። ለጥገና የሚወጣው ቢጠራቀም ይሠራዋል።

አለትና አፈር፦ ወንድሜ፣ እስቲ አብረን እናስላው። ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ደጀንም ከ2,400 በላይ፤ ውሃው ያለው 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከወንዙ ሥር ለማለፍ ቢያንስ 1,400 ሜትር ትወርዳለህ። ለከባድ መኪና ዋሻ ውስጥ 5 በመቶ ቁልቁለት ራሱ ብዙ ነው፤ በዚያ ሂሳብ በአንድ ወገን ብቻ 28 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ 56። በዓለም ረጅሙ የመኪና ዋሻ፣ የኖርዌዩ ላርዳል፣ 24.5 ኪሎ ሜትር ነው። ድልድይ ካልክም በከፍታ ቀዳሚው የቻይናው ሁዋጂያንግ ከውሃው 625 ሜትር ላይ ነው። ያንን አምጥተህ አባይ ላይ ብትተክለው እንኳ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ይቀርሃል።

ደጀን በር፦ እሺ፣ ዋሻው ይቅር። የታችኛውን 300 ሜትር ብቻ የሚያስቀር ከፍ ያለ ድልድይስ?

አለትና አፈር፦ የሚያስቸግረው የታችኛው አይደለም። ከታች ያለው ጠንካራ አሸዋ ድንጋይ ነው። ችግሩ ከእሱ በላይ፣ ጂፕሰምና ሼል (ያ ቅጠል ቅጠል የሚለው የጭቃ ድንጋይ) እንዲሁም የኖራ ድንጋይ ባለበት ተዳፋት ላይ ነው። ከአፋፉ የወረደ ጥቁር ድንጋይና ጭቃ እዚያ ላይ ተከምሯል፣ መንገዱም ክምሩን ይረግጣል። ክረምት ውሃው በክምሩ ውስጥ ሰርጎ ሼሉ ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል፤ ሼሉ ይላቁጣል፣ ክምሩ እንዳለ ይንሸራተታል። ድልድይህ ይህን አይነካውም።

ታሪክ ወዳድ፦ ጣሊያን የሠራው እኮ ስንት ዘመን ቆሟል! የዘንድሮው ሥራ ነው የማይረባው።

አለትና አፈር፦ ይህ ንግግር በየክርክሩ ይመጣል። 60 ዓመት ገደማ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተሠራ ነው። አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም በመንገዱ ላይ የሚሄደው ከዛሬው ተሳቢ ጋር የማይወዳደር ቀላል መኪና ነበር። በመንገድ ሙያ የታወቀ ስሌት አለ፦ ጉዳቱ በአክስሉ (ጎማዎቹን በያዘው ዘንግ) ላይ ባረፈው ክብደት አራተኛ ርቢ ያድጋል። 20 በመቶ የተጫነ ትርፍ ጉዳቱን በእጥፍ፣ 50 በመቶ ደግሞ አምስት ጊዜ ያደርሰዋል። የዚያን ዘመን መንገድ በዛሬ ጭነት መዝነው።

ባለ ተሳቢ፦ ስለ ጭነት ከተነሳ አይቀር የፍሬኑንም ነገር ተናገሩ እንጂ። 40 ቶን ይዞ 1,400 ሜትር የሚወርድ መኪና በ15 ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለውን ያህል ኃይል የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፣ ታምቡሩም (ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም ፍሬኑ አይዝም። ደንቡ የታወቀ ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ ማርሹን አፋፉ ላይ ሳለህ ምረጥ፣ ሞተር ፍሬኑን ክፈት። እግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ልቀቅ እንጂ ለስለስ አድርገህ ይዘህ አትውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቀው ነው ገደል የሚገባው። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ የሚደፋም አለ፤ ይሰነጥቀዋል። ለጎማ ያስደገፉትን ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ትተው ለሚሄዱት ደግሞ ቃል የለኝም።

ወረታ ማዶ፦ እናንተ ከመስመሩ አትወጡም። እኔ የምለው ለምን ሁሉም ጭነት በዚያ ይሄዳል? ከጅቡቲ ለባሕር ዳርና ለጎንደር የሚመጣ ማዳበሪያና ነዳጅ በጋላፊ ገብቶ ከሚሌ ወደ ወልዲያ፣ ከዚያ በጋሸናና በደብረ ታቦር ወረታ መውረድ ይችላል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው፣ ሰዉ ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። አዲስ አበባንም አባይ በረሃንም አይነካም።

ባለ ተሳቢ፦ የድልብን ዳገት ረሳኸው? ከወልዲያ ተነስተህ ድልብን አልፈህ አምባው ላይ እስክትደርስ ከአባይ የማይተናነስ ነው።

ወረታ ማዶ፦ አልረሳሁም፤ ግን ጭነት የያዘው መኪና እዚያ ይወጣል እንጂ አይወርድም። በዳገት ሞተር ይደክማል፣ መኪና ይቆማል፤ በቁልቁለት ነው ሰው የሚሞተው።

አለትና አፈር፦ ይህ ለጅቡቲ ጭነት ያስኬዳል፣ እቀበላለሁ። ግን ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ጤፍ፣ ከሙገር በኩል የሚሄደው ሲሚንቶ የትም አይዞርም። በሞጣ በኩል ያለውም መንገድ ቢሆን የሚለየው ደጀን ከደረሰ በኋላ ነው፤ በረሃውን አያስቀርም። ስለዚህ ጥገናው አይቀርም፤ መጠየቅ ያለበት አጠጋገኑ ነው። የሰመጠ ቦታ ሲገኝ ጠጠር ሞልቶ አስፋልት መደረብ ተለምዷል። ይህ የሚንሸራተተውን ክምር አናቱ ላይ ክብደት መጫን ነው፤ በቀጣዩ ክረምት ይብስበታል። ጋቢዮኑም (ድንጋይ የተሞላው የሽቦ ሳጥን) መሠረቱ ከሚንሸራተተው ንጣፍ በታች ካልገባ አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፦ ከላይ ቦይ፣ ከዚያ ወደ ተዳፋቱ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ዘንበል ያለ ቀዳዳ ቆፍሮ የተበሳሳ ቱቦ ማስገባት። የሚወጣው ውሃ በሲሚንቶ ቦይ በመንገዱ ሥር ውሃ እስከሚያሳልፈው ካልቨርት ካልተመራ ታች ወርዶ ተመልሶ ይሰርጋል። ውሃው ኖራ ስላለበት ቱቦውን በዓመታት ውስጥ ይደፍነዋል፤ በግፊት ማጠብ የግድ ነው።

ደጀን በር፦ ያ ሁሉ ተሠርቶ ማን ይከታተለዋል? ቦይ የሚጠረገው እኮ ሐምሌ ላይ፣ ከደፈነ በኋላ ነው።

አለትና አፈር፦ ግንቦት ላይ ማለቅ አለበት፤ እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ባለ ተሳቢ፦ ፍሬን ላጣ መኪና ማምለጫ መንገድም ጨምሩበት። ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር፣ ሳይጠቀጠቅ፣ 1 ሜትር ያህል ጥልቀት፣ ወደ ዳገት የሚያወጣ። የተፈጨ ድንጋይ እንዳታደርጉበት፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠነክራል፤ ጎማው መስመጡ ቀርቶ ላዩ ላይ ይነዳል።

ወረታ ማዶ፦ ደለል ሲሞላውስ?

ባለ ተሳቢ፦ ከክረምት በኋላ በኤክስካቫተር ይገላበጣል። ለዚህ በጀት ከሌለ ጭራሽ አትሥሩት፤ ፍሬን ያጣ ሹፌር አምኖት ይገባበታል።