ከዘራው ግራ አጋባኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የቀኝ ዳሌዬ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ከተቀየረ 7 ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ በዎከር፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች ሄድኩ። ከዘራ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ "በግራ እጅህ ያዘው፣ ከቀኝ እግርህ ጋር እኩል አንሣው" ብሎኛል። እጄ ግን ሳላስበው ወደ ቀኝ ይመልሰዋል! በግራ ስይዘው ደግሞ ሰውነቴ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ማታ ማታ ጭኔ ይዝላል። ደረጃ ስወጣ ደህናው፣ ስወርድ የታከመው እግር እንደሚቀድም ይዤዋለሁ። መውረዱ ግን አሁንም ያስፈራኛል። (እግር ማነባበርና ዝቅ ያለ ወንበር እርም ብያለሁ፤ በዚህ እንኳ ጎበዝ ነኝ።) ቀጥ ብዬ ቆሜ እጄን ሳንጠለጥል የከዘራው እጀታ ከእጅ አንጓዬ በላይ ነው። ረዝሞብኝ ይሆን? ወይስ ጡንቻዬ ገና ነው? ለጊዜው ወደ ክራንቹ ልመለስ? ያለፈባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።