ፕላምፒ ናት አልበላም አለ፣ መኪና የለም! ቶሎ መልሱልኝ

የኬላዋ (የጤና ኬላ ባለሙያ፣ ቦረና፣ ታኅሣሥ 2015)
እባካችሁ! 14 ወር፣ ወንድ። የክንዱ ዙሪያ 10.8 ሴ.ሜ። ፕላምፒ ናት (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች በፓኬት የሚሰጠውን የኦቾሎኒ ምግብ) ስሰጠው ይተፋል። እናቱ ነገ ከብቶቹ ወዳሉበት ፎራ ልትሄድ ነው። የሳምንቱን ሰጥቼ ልሸኛት?

አባ ምክር
እህቴ፣ ችግሩ ግንዛቤ ነው። እንቁላልና ካሮት እየቀላቀሉ ቢመግቡ እዚህ አይደረስም ነበር።

የያቤሎ ልጅ
ካሮት? ከ2013 ሃገያ (የመኸሩ አጭር ዝናብ) ጀምሮ አምስት ዝናብ ተከታትሎ ቀርቷል። እዚህ ልጅ የሚያድገው በወተት ነው። ሴትዮዋ የምትሄደው ወተቱን ተከትላ ነው እንጂ ግንዛቤ አጥታ አይደለም።

ሾፌሩ
ፓኬቱን በእጅሽ እሺው፣ ይለሰልሳል።

የኬላዋ
አሸሁት። ውሃም ሰጠሁት። በምላሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ታላቅ እህቱ አጠገቡ ቆማ ጣቷን ትልሳለች።

ሾፌሩ
እሷማ ፈተናውን አልፋለች 😀

ነርስ ከጎዴ
ቀልዱ ይቆየን። ከ11.5 በታች ሆኖ የምግብ ፍላጎት ፈተናውን ከወደቀ (ፓኬቱን ሲሰጡት አልበላ ካለ) በተመላላሽ አይታከምም። ፓኬቱን ይዛ ብትሄድ የምትበላው እህቱ ናት። መተኛት አለበት፣ እዚያ በኤፍ 75 (በሕክምና ወተት) ይጀምሩለታል። እስኪሄድ ግን ስኳሩ እንዳይወርድ። ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ ሞላ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ስጪው። እናቱ ደረቷ ላይ አድርጋ ትሸፍነው፣ ጭንቅላቱንም። ጡት ከጠባ አይቋረጥ። ተቅማጥ ካለው የተለመደውን ኦአርኤስ አትስጪ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሬሶማል ነው (በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ የተዘጋጀ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር)። ሁለቱንም እግር ተጫኚና ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት ነውና ሪፈሩ ላይ ጻፊው።

አባ ምክር
ፕላምፒ ናት ራሱ ሕዝቡን ጠባቂ አደረገው እኮ።

የኬላዋ
ጋሼ፣ ልጁ ጭኔ ላይ ነው ያለው።
ስኳር ከሻይ ቤት ለመንኩ። ትንሽ ዋጠ። እናቱ ግን ሌሎቹን ልጆች ለማን ጥዬ እተኛለሁ ትላለች። ያለው አንድ ሞተር ነው፣ እሱም ቤንዚን የለውም።

ነርስ ከጎዴ
አያትየዋን አነጋግሪ። የሚያስተኙበት ቦታ ደውለሽ ለአስታማሚ ምግብ እንዳለም ጠይቂ። ካለ አስቀድመሽ ንገሪያት። እኔ ጋ ጠፍተው የሚሄዱት እናቶች አብዛኞቹ ርቧቸው ነው።

ሾፌሩ
ስንት ሊትር ነው የሚያስፈልገው? የት ቀበሌ ነሽ? በውስጥ ጻፊልኝ።

ነርስ ከጎዴ (በማግሥቱ)
እህት፣ ሄዱ?

ነርስ ከጎዴ (በሦስተኛው ቀን)
?

አዲስ አባል
ሰላም ለሁላችሁ። ፓኬቱን አሽታችሁ ሞክራችሁታል?