ባሕር ባሕር የሚል ሽቶ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ላይ በሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። እውነተኛ የባሕር ጠረን ያለው ሽቶ ልገዛላቸው ፈልጌ መላው ጠፋኝ። እኔ ያለሁት ዱባይ ነው፤ ሽቶ ቤት ሞልቷል። ግን የባሕር ሽቶ ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር የሚያወጡልኝ ኩል ዋተር ወይም አኳ ዲ ጂዮ ነው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ግን ገላውን ታጥቦ የወጣ ሰው እንጂ ወደብ ወደብ አይሉም።

ሳነብ እንደገባኝ፣ ብዙዎቹ የባሕር ሽቶዎች ካሎን የሚባል ንጥረ ነገር አለባቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. ፋይዘር መድኃኒት ኩባንያ ውስጥ የተገኘ ነው፤ ሐብሐብ ሐብሐብ ይላል። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው። የእውነተኛው ባሕር ሽታ በከፊል የሚመጣው ዳይሜቲል ሰልፋይድ ከሚባል ውህድ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ብቻውን የተቀቀለ ጎመን ይሸታል (ማን ይቀባዋል!)። የምፈልገው ጨው፣ የባሕር አረም፣ ትንሽም ቅጥራን ነገር ያለው ነው።

እስካሁን ዓይኔ ያረፈው በሂሊ "ሴል ማሪን" እና በፕሮፉሙም ሮማ "አኳ ዲ ሳሌ" ላይ ነው። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ሳላሸት መግዛት ፈራሁ። የተቀባችሁት ካላችሁ፣ ጨውና አረሙ ጎልቶ የሚወጣው የትኛው ነው? በአዲስ አበባ ብርድና ደረቅ አየርስ ይቆያል? ዱባይ ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ ቀንሶ የሚሸጥ ካለም ጠቁሙኝ።