በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ጥርስ የት ብናስነጣ ይሻላል? (ጥቆማ)

ጠያቂዋ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እኔና ታናሽ ወንድሜ ጥርሳችንን ለማስነጣት ስላሰብን በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በሥራው የምታምኑበት የጥርስ ክሊኒክ፣ ካልሆነም ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የጥርስ ሳሙና ብትጠቁሙን ደስ ይለናል። የእኔ ጥርስ በጠቅላላው ወደ ቢጫ ያደላ ሲሆን፣ የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ በምላሴ በኩል ቢቦርሹት የማይለቅ ጠንካራ ቡናማ ነገር ይዘዋል፤ ቡናን ከአቦል እስከ በረካ የምጠጣ ሰው ነኝ። ወንድሜ ግን ቡናም፣ ሲጋራም፣ ጫትም የማይቀምስ ሆኖ ሳለ የፊት ጥርሶቹ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመርና ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ልጅነቱን ያሳለፈው ወንጂ፣ አጎታችን ዘንድ ነው። ለሁለታችን አንድ ዓይነት ነገር ይሠራ ይሆን?

የሸዋ በር ልጅ፦
እህቴ፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ከመንከራተትዎ በፊት ሸዋ በር ወዳለው መድኃኒት ቤት ብቅ ይበሉ። ባለቤቱ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ቤተሰባችንን የሚያውቅ፣ ያላመነበትን ዕቃ ለደንበኛ የማይሰጥ ሰው ነው። ጥቁሩን የከሰል የጥርስ ሳሙና እሱ ዘንድ ያገኛሉ፤ እኛ ቤት ከዚያ ሌላ አይገባም።

ቦርከና፦
ክሊኒክ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። እኔ ጥርሴን ያስነጣሁት ከወሎ ውጭ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ነው። ባለሙያው አፌን በቅጡ ሳያይ፣ ድዴን በምንም ነገር ሳይሸፍን ጄሉን ቀባኝና መብራቱን አብርቶ ወጣ። ማቃጠል ሲጀምረኝ እጄን ባነሣም የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ጄሉ ሲታጠብ የላይኛው ድዴ ጠርዝ ወተት መስሎ ነጥቶ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ በተጎነጨሁ ቁጥር ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይዘልቅ ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው፤ ከፊት ጥርሶቼ አንዱ ቀደም ሲል የተሞላ ስለነበር ሌሎቹ ሲነጡ ሙሌቱ ባለበት ቀረ። አሁን ስስቅ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ሙሌት እንዳለብኝ አስቀድሞ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም።

ጦሳ ሥር፦
ወንድሜ ቦርከና፣ ስሙን ካልነገሩን ሌላው ሰው እንዴት ይጠንቀቅ? ለሚመለከተው የጤና ጽሕፈት ቤትስ አመልክተዋል?

ቦርከና፦
ደረሰኝ ስላልሰጡኝ በእጄ ማስረጃ የለም፤ ያለ ማስረጃ የማንንም ስም አላነሣም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ድዳችሁን ሳይሸፍን ጄል የሚያነሣ ሰው ካያችሁ ከወንበሩ ተነሡ።

የባቲዋ፦
እኛ ባቲ ያደግን ሰዎች ጥርሳችንን የምናጸዳው ከሰኞ ገበያ በምንገዛው መፋቂያ ነው፤ የወይራው ከሁሉም ይበልጣል። በዚያ ላይ አልፎ አልፎ ሎሚ በጨው አድርገው ቢያሹት ክሊኒክ መሄድ አያስፈልግዎትም።

ጦሳ ሥር፦
ሎሚ በጨው የዶሮ ማጠቢያ ነው፤ ጥርስዎን እንደ ብልት አጥበው ድስት ውስጥ ሊጨምሩት ካሰቡ ይቀጥሉበት።

የጥርስ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
እህታችን ስለ መፋቂያው ያሉት እውነት ነው፤ በአግባቡ ከተፋቁበት ከላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ ያነሣል፤ ስለዚህ ባንሳለቅባቸው ጥሩ ነው። ሎሚው ግን ጎጂ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የምንለው፣ አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ አንዴ ካለቀ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን በተፈጥሮው ቢጫ በመሆኑ ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር ጥርሱ ይበልጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ጥርስ ቢጫ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የከሰሉም ሳሙና ከላይ ያለውን የቡናና የሻይ ቀለም በመፋቅ ያነሣ ይሆናል እንጂ የጥርሱን የራሱን ቀለም አይለውጥም፤ አዘውትረው በኃይል ከፈተጉበት ኢናሜሉን ይጎዳል።

አሁን ወደ ጠያቂያችን ልመለስ፦ የእርስዎና የወንድምዎ ጉዳይ የተለያየ ነው። በምላስ በኩል የያዘው ጠንካራ ነገር ታርታር፣ ማለትም ጥርስ ላይ ተለጥፎ የጠነከረ ቆሻሻ፣ ይመስላል፤ ታርታር በብሩሽ አይለቅም፣ በማንጫም አይነጣም፤ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ መታጠብ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ጥርስዎን ይታጠቡ፤ ብዙ ሰው ከእጥበቱ በኋላ ማንጣቱን ራሱ ይተወዋል። ከዚያ በኋላም ቢጫው ካልተዋጠልዎ ሐኪሙ በጥርስዎ ልክ የተሠራ ስስ ማቀፊያና 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ (ጥርስ የሚያነጣው ንጥረ ነገር) ያለው ጄል ሰጥቶዎት ማታ ማታ ቤትዎ እያደረጉ ለ2 ሳምንት ያህል መከታተል ይቻላል። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራው ፈጣን ማንጫ ከዚህ እጅግ የበረታ በመሆኑ ነው ድድ መሸፈን ግዴታ የሚሆነው። በሁለቱም መንገድ ጥርስ ለጊዜው ቀዝቃዛ ነገር ሊያመው ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይቆዩ። ሙሌትና የተተከለ ጥርስ እንደማይነጣ ደግሞ ወንድማችን ቦርከና በራሳቸው ላይ የደረሰውን ነግረውናል።

የወንድምዎ ነጠብጣብ ከውሃው የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ላይ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ልጅ ቋሚ ጥርሱ ድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ከዚህ የበለጠ ሲጠጣ ኢናሜሉ በቅጡ ሳይጠነክር ይቀራል። እዚያ ልጅ የሚያሳድጉ ዘመዶች ካሏችሁ ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን እንደማያስወጣው፣ ውሃው በተነነ መጠን እንደሚያበዛውም ንገሩልኝ፤ ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ግን ይረዳል። ለወንድምዎ ሳሙናም መፋቂያም መፍትሔ አይሆኑም። ነጠብጣቡ ከላይ ከሆነ በጥቂቱ ፈግፍጎ ማንጣት ይበቃ ይሆናል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን በሙሌት ዓይነት ነገር መሸፈን ወይም ቬኒየር፣ ማለትም በጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ ማሠራት ይመጣል፤ ለቬኒየር ጥርሱ የሚሞረድ ከሆነ ደግሞ የተሞረደው አይመለስም። በመጀመሪያ ቀን ቬኒየር የሚያቀርብላችሁን ሰው ጠይቁት፤ ቀለል ያለውን ለምን እንደዘለለ ያስረዳችሁ።

እናት ከወልዲያ፦
ባለሙያው ካሉ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የ4 ዓመት ልጄ ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ አመድማ ሆኗል። እሱስ በምን ይነጣል?

የጥርስ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)፦
እናቴ፣ እሱ የሚነጣ አይደለም። በአደጋ የጠቆረ ጥርስ ነርቩ ሞቶ ወይም ውስጡ ደምቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሥር የሚበቅለው ቋሚ ጥርስ እንዳይጎዳ ሐኪም ይየው። ድዷ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ካዩ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ይውሰዷት።

ጠያቂዋ (ደሴ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእጥበቱ የደሴ ሆስፒታል ይሻላል ወይስ የግል ክሊኒክ? ወንድሜ ፎቶ ሲነሣ ከንፈሩን ስለሚገጥም ቶሎ ብንጀምርለት ደስ ይለኛል።

ቦርከና፦
የትም ይሂዱ የት፣ ደረሰኝ ይያዙ።

ጦሳ ሥር፦
እህታችን፣ በመጨረሻ የትኛውን መረጡ?

የሸዋ በር ልጅ፦
እስኪመልሱልን ድረስ እኔ አንድ ነገር ልበል፤ ባለሙያው ስለ ከሰሉ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ያ ሰው እኛን አታሎን አያውቅምና እኔ ከእሱ ቤት አልለወጥም። ዓርብ ከሄዱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይሁን፤ በሶላቱ ሰዓት ይዘጋል።