የጋራ ማመልከቻ ረቂቅ፦ «ሶርድ ኦፍ ዘ ስትሬንጀር»ን በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ስለ ማሳየት

ሰብሳቢ
የተከበራችሁ አባላት፣ ለአዳራሹ አስተዳደር የምናቀርበው ማመልከቻ እስከ ዓርብ ማታ መጠናቀቅ ስላለበት፣ የቀረውን ክርክር እዚሁ በጽሑፍ እንድንጨርስ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ የአኒሜሽን ፊልም በጃፓኑ ቦንስ ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ጃፓን ውስጥ ለእይታ የበቃ፣ 102 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ማሳሂሮ አንዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጁት ባለሙሉ ርዝመት ሥራ መሆኑን በመግቢያው ጽፈናል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ረቂቅ ከላይ እስከ ታች ሙገሳ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከእይታው በኋላ ውይይት እንደምናደርግ ቃል የምንገባ ከሆነ፣ ስለ ምን እንደምንወያይ ጽሑፉ ራሱ ሊያሳይ ይገባል።

የሥዕል መምህሩ አባል
ሙገሳውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ወቀሳውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ብርታቱ በአጭሩ እንዳይታለፍ እለምናለሁ። በብዙ የሳሙራይ አኒሜሽኖች ውስጥ ተፋላሚው ሰይፉን ከመሰንዘሩ በፊት ስለ ስልቱ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ምስሉም እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቀዋል። እዚህ ግን ሰዎቹ ክብደት አላቸው፤ እግራቸው መሬቱን ሲረግጥ፣ ትንፋሻቸው ሲያጥር፣ አንዱ ምት ሌላውን ሲወልድ በዓይን ይታያል። አኒሜሽን ሠሪው ዩታካ ናካሙራ የተሳተፉበት የመጨረሻው የበረዶ ላይ ፍልሚያ ዛሬም በአኒሜሽን ሠሪዎች መካከል ስሙ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ከዚያ በላይ የምወደው ግን ገመዱን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ናናሺ ሰይፉን ከአፎቱ ጋር በገመድ አስሮ ይዞራል፤ ሎሌ ሳለ በጌታው ትእዛዝ ሕፃናትን ከገደለ ወዲህ ላይመዘው ለራሱ ምሏል። አብዛኛውን የፊልሙን ክፍል የምናየው እንግዲህ በታሰረ ሰይፍ የሚመክት ሰው ነው፤ ገመዱ የሚፈታበት ቅጽበት ሲመጣ ማንም ምንም ማብራራት አያስፈልገውም። የናኦኪ ሳቶ ሙዚቃም በዚያ ቦታ ላይ ሥራውን በሚገባ ይሠራል።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ
መምህራችን ስለ ክብደት የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ፤ ቅሬታዬም የሚነሣው ከዚያው ነው። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ከምትገዛው ቻይና የመጡት ተዋጊዎች ሕመም እንዳይሰማቸው የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳሉ። ሕመም የማይሰማው ሰው ሲቆስል ተመልካቹም አብሮት አይታመምም፤ ስለዚህ ሉዎ-ላንግን ከመሰለ መድኃኒቱን ከማይፈልግ ባላንጣ በቀር ሌሎቹ መልክና መሣሪያ ብቻ ይዘው ገብተው በየተራ ይወድቃሉ። ማን ምን እንደነበረ አሁን ብጠየቅ አንዳቸውንም ለይቼ መናገር አልችልም።

የታሪኩ መነሻም ያረጀ ነው። የልጁ የኮታሮ ደም ለሚንግ ንጉሠ ነገሥት የማይሞቱበትን መድኃኒት ያስገኛል ይባላል፤ ለምን እርሱ እንደ ሆነ ግን ትንቢት ተጠቅሶ ይታለፋል። በመካከሉ ታሪኩ የሚፈጸምበት የጃፓን ግዛት የአካይኬ ሹማምንት ሴራ ይገባል፤ ስሞቹ ስለሚበዙ በመጀመሪያው እይታ ክሩ ከእጅ ያመልጣል። ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ አንዲት ልዕልት ለጥቂት ትዕይንቶች ከመታየቷ በቀር የሚነገር ነገር የለም። ይህ ሁሉ በማመልከቻው «ድክመቶች» በሚል ራሱን ችሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የሥዕል መምህሩ አባል
ሕመም ስለሚያስረሳው መድኃኒት የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ስለ ትንቢቱ ግን በከፊል አልስማማም። ፊልሙ ራሱ ለዚያ ለማይሞቱበት መድኃኒት ብዙም ግድ ያለው አይመስለኝም፤ ልቡ ያለው ከልጁ፣ ከውሻውና ከስም የለሹ ናናሺ ጋር ነው። ውሻው ቶቢማሩ ተመርዞ ሲወድቅ ልጁ ያለውን ዕንቁ ለጠባቂነት ዋጋ አድርጎ ያቀርባል፤ ወዳጅነታቸው በኪራይ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ይሆናል። (በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ውሻ እንደ ውሻ ሲሣል ማየት ብርቅ ነው።) ድክመቶቹ ለብቻቸው ከሚቀመጡ ከየብርታቱ ጎን ቢጻፉ ይሻላል፤ የሰዎቹ ክብደትና ሕመም የሚያስረሳው መድኃኒት በአንድ አንቀጽ ይነበቡ።

የትርጉም ክፍል ተጠሪ
በዚህ እስማማለሁ፤ በእኛ በኩል ሁለት ነገሮች ይጨመሩ። አንደኛ፣ የሚንግ ሰዎች እርስ በርሳቸው ቻይንኛ፣ ከአገሬው ጋር ደግሞ ጃፓንኛ ይናገራሉ። ሁለቱን በአንድ ዓይነት የግርጌ ጽሑፍ ብንተረጉም፣ ጃፓናውያኑ ያልሰሙትን ተመልካቹ እየሰማ መሆኑ ይጠፋል። ቻይንኛው በሌላ ቀለም እንዲጻፍ እንጠይቅ።

ሁለተኛው ርዕሱ ነው። ረቂቁ «የእንግዳው ሰይፍ» ይላል። እንግዳ በእኛ ቋንቋ የሚስተናገድ፣ እግሩ የሚታጠብ ሰው ነው። ናናሺ ግን ቀይ ጸጉሩን በጥቁር ቀለም እየደበቀ የሚኖር ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ባላንጣው ሉዎ-ላንግም እንዲሁ ምዕራባዊ መልክ ያለው ነው። ጃፓን ውስጥ በሚደረገው በታላቁ ፍልሚያ ላይ ከሁለቱ አንዳቸውም ጃፓናዊ አይደሉም። «ባዕድ» ብንል ጥላቻ ይጫነዋል። «መጻተኛ» የሚለው ቃል ግን ቤት የሌለውን መንገደኛ ያሰማል። ናናሺ የሚለው መጠሪያም «ስም የለሽ» ማለት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ተርጉመን ከዚያ በኋላ እንዳለ እንተወው።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ
ስለ ድክመቶቹ አቀማመጥ የመምህራችንን ሐሳብ ተቀብያለሁ። «መጻተኛ»ንም እደግፋለሁ። መጨረሻውን ግን በማመልከቻው እንዳንገልጠው አደራ፤ በፈረሱ ላይ የሚሆነው ነገር ለውይይቱ ይቆይ።

ጸሐፊ
የተስማማንበትን አስገብቼ ነገ ጠዋት እልካለሁ። ርዕሱ «የመጻተኛው ሰይፍ» ሆኗል፤ ከርዕሱ ስር የጃፓንኛው ስም ይጻፋል። የማሳያ ፈቃድ ከባለመብቱ እስኪገኝ ድረስ ቀን አንቆርጥም፤ ይህንንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሬዋለሁ። የትርጉም ክፍሉ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በሁለት ቀለም ሠርቶ ቢያያይዝልን ሐሳቡ ለአስተዳደሩ ቶሎ ይገባዋል።