የጀርመን ባሕር ኃይል አርማ እውነተኛነትን ለማጣራት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደራዊ አርማዎች የምታውቁ ወገኖች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በእጄ ያለው እ.ኤ.አ. በ1941 የተመሠረተው የጦር መርከበኞች አርማ ሲሆን፣ በኦክ ቅጠል ጉንጉን መካከል ፊት ለፊት የምትቀዝፍ የጦር መርከብ፣ ከበላይዋም ንስር ይታይበታል። በጀርባው የነዳፊው የአዶልፍ ቦክ ስምና «ሽቬሪን በርሊን 68» የሚለው የሠሪው ምልክት ተቀርጿል፤ ነገር ግን አስመሳዮች ይህንኑ ጽሑፍ ስለሚገለብጡ እሱ ብቻውን አያሳምነኝም። ይበልጥ ያሳሰበኝ የፊደላቱ ጠርዝ መደብዘዙ ነው፤ ምክንያቱም ከእውነተኛው አርማ ቅርጽ ተወስዶ፣ የቀለጠ ብረት ፈስሶበት የሚወጣ ቅጂ ጥቃቅን ዝርዝሩ ይጠፋል፣ መጠኑም በጥቂቱ ያንሳል። በሌላ በኩል ወርቃማ ቅቡ መልቀቁ በዚንክ የተሠሩ እውነተኛ አርማዎችም የሚያጋጥማቸው ስለሆነ በዚያ ልፈርድ አልቻልኩም። የዚሁ ሠሪ እውነተኛ አርማ ያላችሁ ወገኖች፣ ቁመቱንና ስፋቱን ለክታችሁ፣ የመርፌውንና የማጠፊያውን አሠራርም ገልጻችሁ ብትጽፉልኝ ከእኔው ጋር ማነጻጸር እችላለሁ።